ላብ (ላቦራቶሪ) ልመርጥ ሦስት ሳምንት ቀረኝ፣ ይደግፈን የነበረው ፕሮግራም ደግሞ ተዘጋ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሮቴሽን_ሦስት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ይቅርታ። አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ባዮሜዲካል ሳይንስ ፒኤችዲ አንደኛ ዓመት ነኝ። ለማታውቁት፣ የኛ ፕሮግራም ገና ስትገቡ አንድ ላብ ላይ አይቸክላችሁም፣ ሦስት ላብ እየዞራችሁ ስምንት ስምንት ሳምንት ትሠራላችሁ፣ ሮቴሽን ነው ሚባለው፣ ከዛ አንዱን መርጣችሁ አምስት ስድስት ዓመት እዛው ናችሁ። እንደ ትዳር ነው ይላሉ፣ ትዳር እንኳን ሽማግሌ ይላካል፣ እኛ አንድ ኢሜይል ነው።

የመጣሁት በ11 ዓመቴ ነው፣ እናቴ አዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ ትሠራለች፣ አባቴ ይነዳል፣ ከቤታችን ኮሌጅ የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። እናቴ እስካሁን «ታዲያ መቼ ነው ሰው ማከም ምትጀምሪው?» ትለኛለች፣ አይ እማ እኔ በሽታውን ነው እንጂ በሽተኛውን አላይም ስላት ዝም ትላለች።

የመጀመሪያው ሮቴሽን ላይ ሲሪያል ዳይሉሽን (ፈሳሽን ደረጃ በደረጃ ማቅጠን) ሥሪ ተባልኩ፣ መልቲቻናል ፒፔት (ስምንት ጫፍ ያለው ፈሳሽ መሳቢያ) በሕይወቴ ይዤ አላውቅም፣ ስምንቱ ቲፕ እኩል አልስብ አለኝ፣ አንዱ አየር አንዱ ግማሽ። አጠገቤ ያለው ልጅ ሃይስኩል ሆኖ ጀምሮ ክረምት ክረምት የአባቱ ጓደኛ ላብ ውስጥ ነው ያደገው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። መጠየቅ እችል ነበር እኮ፣ ይሉኝታ ያዘኝና ፕሌቱን ሦስቴ ደግሜ ሌሊት ላይ ወጣሁ። በማግስቱ አንዲት ፖስትዶክ (ፒኤችዲ ጨርሳ ላቡ ውስጥ ምትሠራ) ምንም ሳትል መጣችና ፒፔቱን የቲፕ ሳጥኑ ላይ ተጫን አድርጋ ወዘወዝ ወዘወዝ፣ ቲፖቹ ጥብቅ አሉ። አሥር ሰከንድ! ለዛ ነው ሌሊቱን ያለቀስኩት።

አሁን ዋናው ነገር። እንደኔ ዓይነት ተማሪዎችን የሚይዝ ፕሮግራም ነበረን፣ በኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ግራንት ነበር ሚሠራው፣ 2025 ላይ የዳይቨርሲቲ ማለትም በቁጥር ያነሱ ተማሪዎችን ሚደግፉ ትሬኒንግ ግራንቶች ሲቋረጡ የኛም አብሮ ሄደ። ትልቅ ነገር አልነበረም፣ በወር አንዴ ተሰብስቦ ማውራት፣ ለኮንፈረንስ ትንሽ ገንዘብ፣ እና አንዲት ኮኦርዲኔተር። እሷን ማጣታችን ነው የጎዳን። ምን የት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው ፕሮፌሰር ኢሜይል እንደማይመልስ፣ የትኛው ፎርም በየትኛው ቀን ካለፈ ክፍያሽ እንደሚዘገይ፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፣ ይዛው ሄደች።

ሁለት ላብ መሃል ነኝ። አንደኛው ሃያ ምናምን ሰው ያለበት፣ ፒአይው (የላቡ ኃላፊ ፕሮፌሰር) ስሙ የታወቀ፣ ፔፐራቸው ሁሌ ትልልቅ ጆርናል ላይ። ስምንት ሳምንት ቆይቼ ፊት ለፊት ያገኘሁት ሁለቴ ነው፣ አንዱ ሊፍት ውስጥ። ሁለተኛው አራት ሰው ነው፣ ፒአይዋ ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ፣ በየሳምንቱ ቁጭ ብላ ዳታሽን ታያለች፣ ግን ገና ስም የላትም፣ ገንዘቧም ምን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም። አንድ የክፍሌ ልጅ ባማክረው «አንቺማ ምን ቸገረሽ፣ ላንቺ ዓይነቱ ፈንዲንግ አይጠፋም» አለኝ። ሳቅኩለት። የተናደድኩት ቤት ገብቼ ነው።

የቱን ትሉኛላችሁ? ፕሮግራሙ ከሌለስ ድጋፍ ከየት ይመጣል? ፒአይን «ይሄ ይሄ ያስፈልገኛል» ብሎ መናገርስ እንዴት ነው፣ እኔ ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት እያየሁ ነው ያደግኩት።

ፒፔት_ኪሴ_ውስጥ

እህቴ ቁስሌን ነካሽው። አምስተኛ ዓመት ነኝ፣ እኔ ትልቁን ስም ነበር የመረጥኩት። ገብቼ 14 ወር ፕሮጀክት አልነበረኝም፣ ማለት ነበረኝ፣ ግን ያው ፕሮጀክት ለአንድ ፖስትዶክም ተሰጥቶ ነበር፣ ሁለታችንም አናውቅም። ያወቅነው ላብ ሚቲንግ ላይ ተከታትለን ስናቀርብ ነው፣ ያው ጂን፣ ያው አይጥ፣ የኔ ስላይድ ከሱ ስላይድ ቀጥሎ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ፒአይው ፈገግ ብሎ «ጥሩ ነው፣ እርስ በርስ ይረጋገጣል» አለና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ፖስትዶኩ ቀድሞ ጻፈው፣ የኔ ስም መሃል ላይ ተወሸቀ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ላብ ቀይሬ ከዜሮ ጀመርኩ። ሰውየው ክፉ አይደለም ልንገርሽ፣ በቃ አያየንም ነበር።

ስለዚህ ምልሽ፣ ፒአይውን ሳይሆን ከላቡ የወጡትን ጠይቂ። በተለይ ሳይጨርሱ የወጡትን። የላቡ ዌብሳይት ላይ አልሙናይ ሚለው ውስጥ አታገኚያቸውም እነሱን፣ የድሮ ፔፐሮች ላይ ስማቸው አለ ከዛ የጠፉ፣ ፈልገሽ በትህትና ኢሜይል አድርጊ፣ አብዛኛው ሰው ይመልሳል፣ በጽሑፍ አይደለም ግን፣ «ደውይልኝ» ነው ሚልሽ። ደውይልኝ ካለሽ ግማሹን መልስ አገኘሽ ማለት ነው።

ገንዘቧን ለማወቅ ደግሞ ማንንም መጠየቅ የለብሽም፣ ኤንአይኤች ሪፖርተር ሚባል ዌብሳይት አለ ለማንም ክፍት ነው፣ የፒአይዋን ስም አስገቢ፣ ያላት ግራንት ከነመጀመሪያና ማብቂያ ቀኑ ይወጣልሻል። ሁለተኛ ዓመትሽ ላይ ሚያልቅ ከሆነ «ከዛ በኋላ እኔን ማን ይከፍላል?» ብለሽ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እሷም ራሷ እንቅልፍ ሚነሳት ጥያቄ ነው። ትንሽ ላብ ደግሞ ገነት እንዳይመስልሽ፣ ጀማሪ ፒአይ ቴኑር (ቋሚ ቅጥር) ላይ ስላልደረሰች ጭንቀቱ ወደ አንቺም ይመጣል፣ ዩኒቨርሲቲ ልትቀይርም ትችላለች፣ ያኔ ወይ ትከተያለሽ ወይ ትቀሪያለሽ። ቢሆንም እኔ ዛሬ ብመርጥ ዳታዬን ወደምታየው ነው ምሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ላብ ሚቲንግ ላይ ተማሪ ሲሳሳት ፒአይው ምን ያደርጋል? ፊቱን እዪው።

ዝም_ብዬ_ላንብብ

ሰው እንዳይከፋው እንጂ እኔ ይሄ «በቁጥር ያነሱ ተማሪዎችን መደገፍ» ሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። እኛ አበሾች ነን፣ ጠንክረን ተምረን ነው ምንገባው፣ ሌላ ሰው ሲያየኝ «በኮታ ነው የገባው» እንዲል አልፈልግም። እኔ ያለማንም ፕሮግራም ጨርሻለሁ። ወንድሜ ከኔ አራት ዓመት ቀድሞ ፒኤችዲ ስለነበር ማመልከቻዬን እሱ ያነብልኝ ነበር፣ የትኛው ላብ እንደማይሆነኝም እሱ ነው የነገረኝ፣ በተረፈ በራሴ ነው። ችሎታ ያለው ሰው ያልፋል።

ፒፔት_ኪሴ_ውስጥ

ወንድሜ ሳላስበው አሳቅከኝ 😄 ማመልከቻህን ሚያነብልህ፣ ላብ ሚመርጥልህ ወንድም ቤት ውስጥ ነበረህ። እሷ ያጣችው ኮኦርዲኔተር እኮ ያንተን ወንድም ሥራ ነበር ምትሠራው፣ ወንድም ለሌላቸው።

ዝም_ብዬ_ላንብብ

እሺ ይሄንን እቀበላለሁ። ኮታ ሚለው ስድብ ግን በኔ ላይ ደርሷል፣ ለዛ ነው።

ጋሽ_ኮሚቴ

ልጆች፣ እኔ አሜሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የቅበላ ኮሚቴ ላይም ብዙ ተቀምጫለሁና ትንሽ ልበል። ስለ ችሎታ የተባለው ላይ፣ እኛ ለዓመታት ፋይል የምንደረድረው በጂአርኢ (ለድኅረ ምረቃ ማመልከቻ የሚፈተኑት ፈተና) ውጤት ነበር። ከላይ ያለው ይነበባል፣ ከታች ያለው ሳይነበብ ይቀራል። 2017 ላይ ፕሎስ ዋን የሚባል ጆርናል ላይ ሁለት ጥናት ወጣ፣ አንዱ ከቫንደርቢልት አንዱ ከኖርዝ ካሮላይና፣ የባዮሜዲካል ፒኤችዲ ተማሪዎችን ተከታትለው ያ ቁጥር ላብ ውስጥ ማን ውጤታማ እንደሚሆን አይተነብይም አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ፕሮግራሞች ተዉት። እኔ ያን ወረቀት ሳነብ ትዝ ያለኝ ሳላነባቸው ያለፍኳቸው ፋይሎች ናቸው።

«ካለፉ በኋላ ሁሉም እኩል ነው» ለሚልም፣ 2011 ላይ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት አለ። ለኤንአይኤች ግራንት ያመለከቱ ጥቁር ተመራማሪዎች ትምህርታቸውን፣ ሥልጠናቸውን፣ ሕትመታቸውን ሁሉ አስተካክለው ካነጻጸሩ በኋላ እንኳን ከነጮቹ በ10 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ያነሰ ዕድል ነበራቸው። እነዚህ ፒኤችዲ ጨርሰው ፕሮፌሰር የሆኑ ሰዎች ናቸው።

የሚሠራ ድጋፍ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የማየርሆፍ ፕሮግራም ይመልከት። 1988 ላይ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍሪማን ህራቦውስኪ ከማየርሆፍ ቤተሰብ ባገኙት ገንዘብ ጀመሩት፣ መጀመሪያ ለጥቁር ወንዶች ብቻ ነበር፣ 1990 ላይ ሴቶች ገቡ፣ 1996 ላይ ለሁሉም ተከፈተ። የሞደርና የኮቪድ ክትባት ጥናት ላይ የነበረችው ኪዝሚኪያ ኮርቤት ከዚያ ነው የወጣችው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ፒኤችዲ ነው የሚያዩት። ትምህርት ሳይጀመር ክረምቱን አብረው ያሳልፋሉ፣ በቡድን ያጠናሉ፣ የአንዱ ውጤት ሲወርድ ሠራተኛው ሳይጠየቅ ይጠራዋል። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፣ ተማሪው እስኪወድቅ አለመጠበቃቸው ግን ሌላ ነው።

አንቺ ልጄ አሁን እጅሽ ላይ ያለውን እንይ። ፕሮግራሙ የሚያደርገውን በከፊል በወረቀት ማስቀመጥ ይቻላል፣ ሜንተሪንግ ኮምፓክት ይባላል፣ አንድ ሁለት ገጽ። በሳምንት ስንት ጊዜ እንገናኛለን፣ ድራፍት ስልክልሽ በስንት ቀን ትመልሺያለሽ፣ ፔፐር ላይ የመጀመሪያ ስም የማን እንደሚሆን መቼ እንነጋገራለን፣ ዕረፍት እንዴት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ዝግጁ ፎርም አለው። ለፒአይዋ «የፒኤችዲ ፕሮግራሙ እንዲሞላ ይመክራል፣ አብረን እንየው?» ብትይ ይሉኝታሽም አይነካ፣ እሷም አትቀየምም። ብትቀየም ደግሞ ሳትገቢ አወቅሽ።

የቴሲስ ኮሚቴሽን (ጥናትሽን የሚገመግሙትን ፕሮፌሰሮች) ስታዋቅሪ ቢያንስ አንድ ሰው ፒአይሽን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት የሚችል ይሁን። ጓደኞቿን ብቻ ከሰበሰብሽ በአራተኛው ዓመት የሚከራከርልሽ ታጪያለሽ።

ኤፍ 31 አመልክቺ፣ ኤንአይኤች ለፒኤችዲ ተማሪ በግሉ የሚሰጠው ፌሎሺፕ (የጥናት ገንዘብ) ነው። ለዳይቨርሲቲ ተብሎ የተለየው ቀርቷል፣ መደበኛው ግን አለ፣ ቀኖቹ በፈረንጅ ኤፕሪል 8፣ ኦገስት 8፣ ዲሴምበር 8 ናቸው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። ከጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ወዲህ መገምገሚያው ተቀይሯል፣ የኮሌጅ ግሬድ አይገባበትም፣ ኬሚስትሪ ላይ ሲ ያለው ሰው ይሄን ልብ ይበል። በመጀመሪያ ሙከራ ባይሳካ አትደንግጪ፣ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ይዘሽ ትመለሻለሽ።

እና ኳሊፋይንግ ኤግዛም፣ ፒኤችዲውን ለመቀጠል የሚታለፈው ፈተና። የእኛ ልጆች እዚያ የሚወድቁት ባለማወቅ አይደለም፣ ዝም በማለት ነው። አንድ ተማሪዬ፣ ጎበዝ፣ ነጭ ሰሌዳው ጋ ቆሞ የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ ማርከሩን ክዳን አድርጎ አንገቱን ደፋ። ለእኛ ትሕትና ነው፣ ለሦስቱ ፈታኞች ግን ባዶ ጭንቅላት ነው የመሰላቸው። ፈታኞቹ የሚፈልጉት «ይሄን አላውቅም፣ ለማወቅ ግን እንዲህ ያለ ሙከራ እሠራ ነበር፣ ኮንትሮሉ (ማነጻጸሪያው) ይሄ ይሆናል» የሚል ሰው ነው። ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ቤታቸው ፕሮፌሰር ያለባቸው ልጆች እራት ላይ ሰምተውታል። በሚቀጥለው ዓመት እሱን ተማሪ ሦስት ጊዜ ሰሌዳ ፊት አቁሜ አለማመድኩት፣ አለፈ። በመጀመሪያው ዓመት ለምን እንዳላደረግኩት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ቪዛ_ላይ_ነኝ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ኤፍ ዋን (የውጭ ተማሪ) ቪዛ ላይ ነኝ፣ ኤፍ 31ም አይሆነኝ፣ ቲ 32 ሚባለው ኤንአይኤች ለዩኒቨርሲቲው ሚሰጠው የሥልጠና ግራንት ላይም ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ያለህ ካልሆንክ አትገባም፣ የክፍሌ ልጆች ግማሹ እሱ ላይ ናቸው ወርክሾፑም ምሳውም እዛ ነው፣ እኔ ኢሜይሉ ላይ እንኳን የለሁም። በቁጥር እኔ ከማን ነው ምመደበው አላውቅም፣ ሲፈልጉ ጥቁር ነኝ ሲፈልጉ የውጭ አገር ሰው።

ጋሽ_ኮሚቴ

ልክ ነህ፣ ይሄ ያማል። ሥራህ ከልብ ወይ ከደም ሥር ወይ ከስትሮክ ጋር የሚገናኝ ከሆነ የአሜሪካን ኸርት አሶሲዬሽን ፕሪዶክቶራል ፌሎሺፕ ኤፍ ዋን ላይ ያለን ተማሪ ይቀበላል። ወርክሾፑን ደግሞ የቲ 32ቱን ዳይሬክተር በቀጥታ ጠይቀው፣ ገንዘቡ ነው ለዜጋና ለግሪን ካርድ የተገደበው እንጂ ወንበሩ አይደለም፣ እኔ የጠየቀኝን ተማሪ መልሼ አላውቅም። ችግሩ የሚጠይቀኝ የለም።

ደረሰኝ_አይጥፋ

ስለ ላብ ምርጫ ሁሉም ብሏል እኔ ስለ ብር ልናገር ማንም አያወራውም። አንደኛ ኮንፈረንስ ስትሄጂ ሆቴልና ቲኬት በራስሽ ካርድ ትከፍያለሽ ከዛ ይመለስልሻል ይሉሻል፣ እኔ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ነው የቆየብኝ በዛ መሃል ለናቴ ምልከው ቀረ የቤት ኪራይ በክሬዲት ካርድ ወለዱ ደግሞ አይመለስም። ፕሮግራማችሁ ይሰጥ የነበረው ያ ትንሽ ገንዘብ እኮ ለዚህ ነበር። አሁን ዲፓርትመንቱን «በእናንተ ካርድ በቀጥታ ክፈሉልኝ» በይ፣ ብዙ ቦታ ይቻላል፣ ካልጠየቅሽ ግን አይነግሩሽም።

ሁለተኛ ፌሎሺፕ ላይ ስትገቢ ከክፍያሽ ላይ ታክስ ላይቆርጡ ይችላሉ፣ የመጀመሪያው ወር ደሞዝ የጨመረልሽ ይመስልሻል አልጨመረም፣ የአይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ነው። በየሩብ ዓመቱ ራስሽ ትከፍያለሽ ፎርም 1040-ኢኤስ ይባላል፣ ኤፕሪል 15 ጁን 15 ሴፕቴምበር 15 ጃንዋሪ 15። እኔ አላወቅኩም ነበር መጋቢት ላይ የመጣብኝን ሳይ ወንበር ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። የኤንአይኤች ስታይፔንድ (ለተማሪው ሚከፈለው የኑሮ ገንዘብ) ራሱ 2024 ላይ በዓመት 28,224 ዶላር ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው ካልጨመረበት ትልቅ ከተማ ውስጥ ኪራይ ነው ሚበላው። ቤተሰብ ሚረዳው ልጅና ቤተሰቡን ሚረዳ ልጅ እኩል ስታይፔንድ ይወስዳሉ፣ እኩል ነው ይባላል።

ሮቴሽን_ሦስት

ሁላችሁንም ማን እንደማመሰግን ጨነቀኝ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ ሳልመለስ። ሪፖርተሩ ላይ አየሁ፣ የትንሿ ላብ ፒአይ ግራንቷ ገና አራት ዓመት አለው። ከትልቁ ላብ የወጡ ሁለት ሰዎች አግኝቼ ኢሜይል አደረግኩ፣ አንዷ አልመለሰችም፣ አንዱ «ደውይልኝ» አለ 😅 አርባ ደቂቃ አወራን። መጥፎ ነገር አላለም፣ ግን «ፒአይህ በስምህ ይጠራህ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ዝም አለና «በሁለተኛው ዓመት» አለ።

ለፒአይዋ ኮምፓክቱን ላክሁላት፣ ሴንድ ከማለቴ በፊት ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ። በማግስቱ መለሰችልኝ፣ ውስጡ ሁሉ ቀይ፣ ተቆጣች ብዬ ልቤ ቀጥ አለ፣ ስከፍተው የራሷን ግዴታዎች ነው የጨመረችው፣ ድራፍት በአሥር ቀን እመልሳለሁ ብዬ የጻፍኩላትን ሰርዛ ሰባት አድርጋዋለች። ረቡዕ ተቀጣጥረናል፣ የገባሁት እዛ ነው በቃ። ሌሎቹ የፕሮግራማችን ልጆች ደግሞ ስድስታችን በወር አንዴ ራሳችን እንሰበሰባለን ተባብለናል፣ ኮኦርዲኔተራችንም ስደውልላት በስልክ ግማሽ ሰዓት የፎርሞቹን ቀን በሙሉ አስጻፈችኝ፣ ሥራ የላትም እኮ አሁን፣ እሱን ሳስብ አፈርኩ።

ያ የክፍሌ ልጅ ደግሞ ኮምፓክቱን ሰምቶ ፎርሙን ላኪልኝ አለኝ። ላክሁለት።

@ደረሰኝ_አይጥፋ የታክሱን ኦንላይን መክፈል ይቻላል ወይስ ቼክ ነው?

ደረሰኝ_አይጥፋ

ኦንላይን፣ አይአርኤስ ዳይሬክት ፔይ በሚለው ከባንክሽ በቀጥታ። ክፍያ የለውም። የዓመቱን ስትመርጪ ተጠንቀቂ፣ ጃንዋሪ ላይ ምትከፍይው ያለፈው ዓመት ነው፣ እኔ አንዴ ተሳስቼ ለማስተካከል አምስት ወር ፈጀብኝ።